የእርሻ መሣሪያ ቦኮላ ቶሎ ሲያልቅ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና ርካሹ መፍትሄ

ቦኮላ ማለት መቀመጫ በሚባለው የመሣሪያው ቀዳዳ ውስጥ ጠብቆ የሚገባ፣ ፒኑ (ዘንጉ) በውስጡ የሚዞርበት ወይም የሚወዛወዝበት ቀለበት ነው። ከመቀመጫው የወጣ ያለቀ ቦኮላ ወዲያው አይጣልም። በየትኛው ወገን እንደተበላ፣ ጠቁሮ ይሁን አብረቅርቆ፣ የሰፋው ጫፉ ይሁን መሃሉ፣ አዲሱ ከምን ቁስና በምን ልክ መሠራት እንዳለበት ይናገራል። ያለቀውን ለቶርኖ ባለሙያ ሰጥቶ «ይህንኑ ቅዳልኝ» ማለት ብልሽቱንም አብሮ ማስቀዳት ነው።

ምርመራው በልኬት ይጀምራል። ፒኑን በሁለት ቦታ ይለኩ፦ አንዱ ቦኮላው በማይነካው ጫፍ፣ ሌላው በሚሠራበት ክፍል። የሚሠራበትን ክፍል ሲለኩ ካሊፐሩን (ባለ መንጋጋ መለኪያውን) ሩብ ዙር አዙረው ይድገሙ። ሁለቱ ንባቦች ከ0.2 ሚሜ በላይ ከተለያዩ ፒኑ ራሱ ሞላላ ሆኗል፤ ምንም ዓይነት ቦኮላ ቢገባለት ዕድሜ አይኖረውም። ቦኮላው የሚገባበትን መቀመጫም በሁለት አቅጣጫ ይለኩ። የካሊፐር የውስጥ መንጋጋ በጠባብ ክብ ቀዳዳ ውስጥ ትንሽ አሳንሶ ስለሚያነብ፣ ለቦኮላው ቀዳዳ የመጨረሻ ልክ ፒኑን ራሱን አስገብቶ መሞከር ይሻላል።

አንድ ደንብ ከሁሉም ይቀድማል፦ ቦኮላው ከፒኑ የለሰለሰ ይሁን። ማለቅ ያለበት ርካሹና በቀላሉ የሚለወጠው ዕቃ ነው።

ቀዳዳው በአንድ ወገን ብቻ ተበልቶ ሞላላ ሆነ

ጭነቱ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ በሚመጣበት ቦታ፣ ለምሳሌ በማንሻ ክንድ ላይ፣ አበላሉ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። ለረጅም ጊዜ አገልግሎ ከሆነ ይለወጣል፣ በቃ። በአንድ የእርሻ ወቅት ውስጥ ካለቀ ግን ግፊቱ ለቁሱ በዝቷል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የፒኑን ዲያሜትር በቦኮላው ርዝመት ያባዙ፣ ከዚያ ጭነቱን ለተገኘው ስፋት ያካፍሉ። 30 ሚሜ ፒን በ40 ሚሜ ርዝመት 1,200 ካሬ ሚሜ ይሆናል። የ600 ኪ.ግ. ጭነት ወደ 6,000 ኒውተን ስለሚጠጋ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሜ ላይ 5 ኒውተን ያርፋል። መሣሪያው ጉብታ ላይ ሲዘል የሚመታው ኃይል ከዚህ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ውጤቱን በ2 ያባዙትና 10 ብለው ይያዙት።

ቁስ የሚመረጠው ይህን ቁጥር ይዞ ነው። ቀስ ብሎ ለሚወዛወዝ መገጣጠሚያ፣ ግራሶ የሚያገኝ ብሮንዝ በካሬ ሚሜ እስከ 20 ኒውተን ይችላል። ናይለን ከ7 እስከ 10 ነው። መክተፊያ ሰሌዳ የሚሠራበት ነጩ ፖሊኤትሊን ከ2 እስከ 3፣ በዘይት የተቀቀለ ጠንካራ እንጨት ደግሞ 1 ገደማ። በምሳሌያችን ናይለን ድንበሩ ላይ ስለሆነ ሁለት ምርጫ አለ፦ ወደ ብሮንዝ መሄድ ወይም ቦታ ካለ ቦኮላውን ወደ 45 ሚሜ ማስረዘም። ማስረዘሙ ብዙ ጊዜ ርካሹ መንገድ ነው። ነገር ግን ርዝመቱ ከፒኑ ዲያሜትር 1.5 እጥፍ ካለፈ ጭነቱ ጫፎቹ ላይ ይሰበሰባልና ትርፍ የለውም። የግድግዳው ውፍረት ለብሮንዝ ከ3 ሚሜ፣ ለናይለን ከ4 ሚሜ ባያንስ ይመረጣል።

ከውኃ ቧንቧ ቆርጦ ቦኮላ ማድረግም ይቻላል። ባለ 1 ኢንች መካከለኛ ቧንቧ ውጪው 33.7 ሚሜ፣ ውስጡ 27.3 ሚሜ ገደማ ስለሆነ ቀዳዳው ወደ 28.2 ሚሜ ቢሰፋ ለ28 ሚሜ ፒን ይሆናል። የቧንቧ ውፍረት በየደረጃው ስለሚለያይ ግን ከመግዛት በፊት መለካት ያስፈልጋል። ውስጡ ላይ ያለው የብየዳ መስመር ሳይጠረብ ከቀረ ፒኑን እንደ ቢላዋ ይፍቃል። ብረት በብረት ላይ ስለሚሠራም ግራሶ ከተቋረጠበት ተነካክሶ ይያያዛል፤ በየቀኑ ለሚቀባ ቦታ እንጂ ለተረሳ ጥግ አይሆንም።

ሁለቱም ጫፎች ሰፍተው መሃሉ ደህና ነው

ቁሱ ጥፋት የለበትም። ፒኑ ጎብጧል፣ ወይም ሁለቱ መቀመጫዎች በአንድ መስመር ላይ አይደሉም። ፒኑን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ቢያንከባልሉት መጉበጡ ወዲያው ይታያል። ቀጥ ያለ ከሆነ አዲስ ቀጥ ያለ ዘንግ በሁለቱም ባዶ መቀመጫዎች ውስጥ ያሳልፉ። በአንዱ ገብቶ በሌላው ከተጋጨ፣ አንደኛው መቀመጫ ተቆርጦ እንደገና መበየድ አለበት። ሲበየድ ዘንጉ በሁለቱም ውስጥ እንዳለ ይሁን፤ መጀመሪያ በ4 ቦታ ፊት ለፊት እየተያዩ በነጥብ ይያዝ፣ ዘንጉ በነፃ መዞሩ ይረጋገጥ፣ ከዚያ አጫጭር መስመሮች ወገን እየተቀያየሩ ይበየዱ። አንዱን ወገን በአንድ ትንፋሽ መጨረስ መቀመጫውን ወደዚያው ይጎትተዋል። ቦኮላው የሚገባው ብየዳው አልቆ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ነው፤ ናይለን ከሆነ ይቀልጣል፣ ብሮንዝም ቢሆን ልኩ ይበላሻል።

ቦኮላው ገባ፣ ፒኑ ግን እምቢ አለ

በርካሽ ሥራ ላይ ከሁሉም የሚደጋገመው ይህ ነው። ቶርኖ ላይ ፒኑ በነፃ ሲገባ የነበረ ቦኮላ መቀመጫው ውስጥ ሲጠብቅ ቀዳዳው ይጠብባል። የጠበበው መጠን ውጪው ከመቀመጫው የበለጠበትን ልክ ያህል ወይም ትንሽ ያነሰ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው ሲወጣ ይህ ጭማሪ አስቀድሞ መቆጠር አለበት።

ለ40 ሚሜ መቀመጫና ለ30 ሚሜ ፒን የብሮንዝ ውጪ 40.04 እስከ 40.06 ሚሜ ይሁን። ከገባ በኋላ 0.10 ሚሜ ክፍተት ከተፈለገ ቀዳዳው ከመግባቱ በፊት 30.15 ሚሜ ይሠራል። ናይለን የሚለጠጥ ስለሆነ ውጪው 40.25 ሚሜ ካልሆነ አይጠብቅም፤ የሚያስፈልገው የሥራ ክፍተትም 0.35 ሚሜ ገደማ ስለሆነ ቀዳዳው 30.6 ሚሜ ይደርሳል። ይህ ቁጥር ብዙ ባለሙያ «በጣም ልቅ ነው» ብሎ ይቃወመዋል። ልክ ተደርጎ የተሠራው ናይለን ግን የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ይያዛል።

ጠቦ የገባውን ለማስተካከል ሪመር (ቀዳዳን በልክ የሚያሰፋ መሣሪያ) ይሻላል። ሪመር ከሌለ በመሰንጠቂያ የተከፈለ የእንጨት ዘንግ ላይ የብርጭቆ ወረቀት ጠቅልሎ በመሰርሰሪያ ማዞር ይሠራል፤ በኋላ አሸዋው በናፍጣ በደንብ ይታጠብ። ናይለን ላይ ግን ወረቀት አይጠቀሙ፤ አሸዋው ቁሱ ውስጥ ይቀራል። በስለታም ቢላ ይጠረብ።

በመዶሻ መምታት ቦኮላውን ያጣምመዋል፣ ጫፉንም ያሳብጠዋል። 16 ሚሜ የሆነ ሙሉ ጥርስ ያለው ዘንግ፣ ሁለት ወፍራም ሮንዴላና ሁለት ዳዶ ቢኖሩ ፕሬስ ተተካ ማለት ነው። ዘንጉ በቦኮላውና በመቀመጫው ውስጥ ያልፋል፣ ዳዶው ሲጠብቅ ቦኮላው ቀጥ ብሎ ይሳባል። የቦኮላው የሚገባው ጫፍ 2 ሚሜ ያህል ሾጠጥ ይበል። መቀመጫውን ከአካባቢው ሙቀት በ100 ዲግሪ ማሞቅ 40 ሚሜ ቀዳዳን ወደ 0.05 ሚሜ ስለሚያሰፋ ብሮንዙ በእጅ ግፊት ብቻ ሊገባ ይችላል። ለናይለን ተቃራኒው ነው፤ ቦኮላው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድር እንጂ ብረቱ አይሞቅ።

ሲገባ የተሰነጠቀ ካስት አይረን ወይም ብሮንዝ ካለ ጭማሪው በዝቷል፣ ግድግዳው ቀጥኗል ወይም መዶሻ ነክቶታል። የካስት አይረን ጭማሪ ከ0.03 ሚሜ አይለፍ።

ቦኮላው ከፒኑ ጋር አብሮ ይዞራል፣ ወይም እየተንሸራተተ ይወጣል

መቀመጫው ሰፍቷል፣ ወይም ፒኑና ቦኮላው ውስጥ ለውስጥ ተያይዘዋል። ሁለተኛው ከሆነ ቀጣዩን ክፍል ይመልከቱ። መቀመጫው እስከ 0.5 ሚሜ ከሰፋ የአዲሱን ቦኮላ ውጪ በዚያው ልክ ማወፈር በቂ ነው። ሞላላ ከሆነ ግን ክብ ቦኮላ አይይዘውም፤ መቀመጫው ክብ እስኪሆን ተፍቆ ወፍራም ቦኮላ ይሠራለት። ለሚንሸራተት ናይለን በአንድ ጫፉ 3 ሚሜ ከንፈር መተው፣ በሌላው ወገን ደግሞ ሮንዴላ በብሎን ማሰር ይረዳል። በነጥብ ብየዳ መያዝ ለብረት ቦኮላ ብቻ ነው። ሙጫ ተቀባ የሚል ሥራ ዘይት በነካው ብረት ላይ ዕድሜው አጭር ነው፣ አንመክረውም።

ጠቁሯል፣ ይጮኻል፣ ይይዛል

ብሮንዝ ከሆነ ግራሶ አልደረሰውም ወይም ክፍተቱ ጠቧል። የግራሶ ቀዳዳው ቦኮላው ሲገባ ከኒፕሉ (ከግራሶ ማስገቢያው አፍ) ጋር ሳይገጥም መቅረቱ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ቦኮላው ከገባ በኋላ በኒፕሉ ቀዳዳ በኩል በ5 ሚሜ ፑንታ (የመሰርሰሪያ ብረት) መብሳት ይቀላል። ፑንታው ብሮንዝ ላይ እየነከሰ እንዳይገባ የስለቱን ፊት በድንጋይ ትንሽ ማደደብ ያስፈልጋል። ግራሶ የሚያከፋፍለው ቦይ ስፋቱ 3 ሚሜ፣ ጥልቀቱ 1 ሚሜ ሆኖ ጭነት በማያርፍበት ወገን ይሁን። ከሁለቱም ጫፍ 5 ሚሜ ሲቀረው ያቁም፣ ካለዚያ ግራሶው በጫፍ ይፈስሳል።

ናይለን ከሆነ ሁለት ጥርጣሬ አለ። አንዱ ውኃ ነው። ናይለን ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ውጪው በብረት ስለታጠረ የሚያብጠው ወደ ቀዳዳው ነው። ሁልጊዜ እርጥብ በሆነ ቦታ ሌላ 0.2 ሚሜ ክፍተት ይጨመር፣ ወይም ውኃ የማይጠጣው ፖሊኤትሊን ይተካው። ሁለተኛው ፍጥነት ነው። ያለ ግራሶ ለሚሠራ ናይለን በካሬ ሚሜ ያለው ኒውተን በሴኮንድ በሚጓዘው ሜትር ተባዝቶ ከ0.1 ማለፍ የለበትም። 30 ሚሜ ዘንግ በደቂቃ 100 ጊዜ ሲዞር ፍጥነቱ በሴኮንድ 0.16 ሜትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ የሚችለው ግፊት በካሬ ሚሜ 0.6 ኒውተን ብቻ ነው። በፍጥነት ለሚዞር የመውቂያ ዘንግ ናይለን ቢገጠም ዕድሜው የጥቂት ደቂቃ ነው፤ ቦታው የኩሽኔታ ነው።

ናይለን ሲጠረብ ሞቆ ስለሚሰፋ የመጨረሻው ልኬት ከቀዘቀዘ በኋላ ይወሰድ። ሲሞቅ የተለካው በኋላ ጠቦ ይገኛል።

ቦኮላው ደህና ነው፣ ያለቀው ፒኑ ነው

ለስላሳ ፕላስቲክ አሸዋ ይውጥና እንደ ሞረድ ፒኑን ይፍቃል። አቧራ የበዛበት ክፍት ቦታ ላይ ግራሶ ነገሩን ያባብሰዋል፤ አሸዋውን ይዞ የመፋቂያ ሊጥ ይሆናል። ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ ቆሻሻው ግራሶ በጫፎቹ ወጥቶ ንጹሁ እስኪታይ ድረስ በየዕለቱ መግፋት፣ ወይም ግራሶውን ጨርሶ ትቶ ፕላስቲኩን በደረቁ ማሠራት። መሃል ላይ መቆም፣ አልፎ አልፎ ትንሽ መቀባት፣ ከሁለቱም የከፋ ነው።

ርካሽ ጠንካራ ፒን ከተፈታታ የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ዘንግ ይገኛል። ፊቱ በክሮም የተለበጠና ልሙጥ ነው። የተላጠ ክሮም ያለበትን ክፍል ግን አይጠቀሙ። የተዘጋ ሾክ አብዞርበር ቆርጦ ዘንጉን ማውጣት አደገኛ ነው፤ ውስጡ ግፊት ያለው ጋዝ ሊኖር ይችላል። ፒኑ መዞር በማያስፈልገው ቦታ ላይ ጫፉን በብሎን አስሮ ማቆም መቀመጫው እንዳይበላ ያደርጋል። የተበላው አንድ ወገን ብቻ ከሆነ ፒኑን ግማሽ ዙር አዙሮ ማሰር ሌላ ዕድሜ ይሰጠዋል።

የእንጨት ቦኮላ ተሰነጠቀ ወይም ደረቀ

እንጨት ለዝግተኛና ለቀላል ጭነት ዛሬም የማይናቅ ቁስ ነው፣ አሠራሩን ካወቁበት። የሚሰነጠቀው እርጥብ ሆኖ ስለተሠራ፣ ቶሎ የሚበላው ደግሞ ጭነቱ በጭረቱ (በእንጨቱ ቃጫ) ጎን ላይ ስላረፈ ነው። ጠንካራና በደንብ የደረቀ እንጨት ይመረጥ፤ ቀዳዳው ጭረቱን አቋርጦ ይበሳ፣ ሲገጠምም ፒኑ የሚጫነው የጭረቱ ጫፍ ወደሚታይበት ወገን ይሁን። ርዝመቱ ከፒኑ ዲያሜትር ወደ 2 እጥፍ ይጠጋ፤ እንጨት ዝቅተኛ ግፊት ስለሚፈልግ የ1.5ቱ ወሰን እዚህ አይሠራም።

የተቆረጠው እንጨት ንጹህ ዘይት ውስጥ በክብደት ተደፍቆ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ይሞቃል። የሚወጡት አረፋዎች እንጨቱ ውስጥ የቀረው ውኃ እንፋሎት ናቸው። አረፋው ሲያቆም እሳቱ ይጥፋ እንጂ እንጨቱ አይውጣ፤ ዘይቱ ወደ ውስጥ የሚሳበው ሲቀዘቅዝ ነው። ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፣ የብረት ክዳን አጠገብ ይኑር፣ ዘይቱ እሳት ከያዘው ውኃ ፈጽሞ አይፈስበትም። የመጨረሻው ቀዳዳ የሚበሳው ከዘይቱ በኋላ ነው፣ ምክንያቱም እንጨቱ በሙቀቱ ልኩን ይቀይራል። ለ30 ሚሜ ፒን 30.5 ሚሜ ይበቃል።

ከሌላ ቦታ ብየዳ በኋላ ደህናው ቦኮላ ቶሎ ተበላሸ

የብየዳው ኤሌክትሪክ በፒኑና በቦኮላው መካከል አልፎ ፊታቸውን በትናንሽ ጉድጓዶች ነጥቦታል። ጉድጓዶቹ በፒኑ ላይ በጥፍር ይዳሰሳሉ። ቀላል ከሆኑ በጥሩ የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳሉ፤ ከበዙ ፒኑም ቦኮላውም ይለወጣሉ። ከዚያ ወዲያ የብየዳው መሬት ገመድ ሁልጊዜ በሚበየደው ቁራጭ ላይ፣ ከመገጣጠሚያው በዚህኛው ወገን፣ ቀለም በተፋቀ ብረት ላይ ይቆንጠጥ።