ለቆራሌው ከመስጠትዎ በፊት፦ ድምፅ እያለው ምስል ያጣ ስማርት ቲቪ

ቲቪው ይበራል፣ ያወራል፣ በሪሞት ቻናል ይቀይራል፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ክፍሉን አጨልመው የስልክዎን መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግተው በሰያፍ ያብሩበት። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ፓነሉ (ምስሉን የሚሠራው የፊት መስታወት) ደህና ነው፤ ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ከኋላው ያለው የኤልኢዲ መብራት ነው። (ኦሌድ ቲቪ የጀርባ መብራት ስለሌለው ይህ አይመለከተውም።)

ኤልኢዲዎቹ በሲሪስ (አንዷ ከሌላዋ ተከታትላ) ስለተያያዙ አንዷ ስትቃጠል መስመሩ፣ ማለትም የተደረደሩበት ዘንግ፣ በሙሉ ይጠፋል። አንዳንዱ ቲቪ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ ቦግ ብሎ ድርግም ይላል፤ ድራይቨሩ (ለኤልኢዲዎቹ ኃይል የሚሰጠው የቦርዱ ክፍል) ቮልቴጁ መዛባቱን አይቶ ራሱን ሲዘጋ ነው። ሳይለኩ «ቦርዱ ነው» ብሎ ጤነኛ ቦርድ መቀየር የሚመጣው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ከመክፈትዎ በፊት ከሶኬት ነቅለው ቢያንስ 10 ደቂቃ ይጠብቁ። 220 ቮልት ገብቶ ወደ ዲሲ ሲቀየር በትልቁ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ በሚይዘው ክፍል) ላይ ወደ 310 ቮልት ያህል ይጠራቀማል፤ በአንዳንዱ ቲቪ 400 ይጠጋል። በመልቲሜትር ለክተው ከጥቂት ቮልት በታች መውረዱን ሳያረጋግጡ ፓወር ሰፕላዩን (የሶኬቱን ኃይል የሚቀበለውን ቦርድ) አይንኩ።

ቲቪውን በፊቱ ብርድ ልብስ ላይ አስተኝተው የጀርባውን ክዳን ይፍቱ። ከፓነሉ ወደ ቦርዱ የሚሄዱትን ሪባኖች (ጠፍጣፋ ገመዶች) መቆለፊያቸውን ከፍተው ያውጡ። በፓነሉ ጠርዝ ላይ ያሉትን ስስ ሪባኖች ግን አይጎትቱ፤ አንዱ ከተቀደደ ስክሪኑ ላይ መስመር ይወጣል፣ በቤት ውስጥም አይጠገንም። ቀጥሎ ገልብጠው ፍሬሙን ያላቁና ፓነሉን ለሁለት ሆነው፣ አራቱንም ማዕዘን እኩል ያንሱ። ፓነሉ በብሎን ሳይሆን በማጣበቂያ ከተያዘ፣ ወይም ቲቪው ከ50 ኢንች በላይ ከሆነ ለባለሙያ ይተዉት። ከሥሩ ያሉት ነጭና አንጸባራቂ ወረቀቶች ቅደም ተከተላቸውም ፊትና ጀርባቸውም እንዳይዛባ ጥግ ጥጋቸው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ በጥጥ ጓንት ይያዙ። የጣት አሻራ በኋላ ስክሪኑ ላይ ጥላ ሆኖ ይታያል።

አሁን እያንዳንዷን ኤልኢዲ በኤልኢዲ ቴስተር ይፈትሹ። መልቲሜትር ባለ 3 ቮልቷን በትንሹ ሊያበራት ይችላል፣ ባለ 6 ቮልቷን ግን አያበራም። የተቃጠለችው አንድ ብትሆንም ሁሉንም መስመር መቀየር ይሻላል፤ የቀሩትም እኩል አርጅተዋል፣ አዲስና አሮጌ ሲደባለቅም ብርሃኑ ይዥጎረጎራል። መለዋወጫ ሲገዙ የቲቪው ሞዴል ብቻ አይበቃም፤ አንዱ ሞዴል የተለያየ መስመር ሊገባበት ይችላል። አሮጌውን ይዘው ይሂዱና በላዩ የታተመውን ቁጥር፣ ርዝመቱን፣ የኤልኢዲውን ብዛት፣ ቮልቴጁንና ማገናኛውን ያስተያዩ። አሮጌውን ሙጫ በአልኮል ጠርገው አዲሱን ከብረቱ ጋር በደንብ ይለጥፉት፤ ሙቀቱ የሚወጣው በብረቱ በኩል ነው። ወረቀቶቹን ሳይመልሱ ሁሉም መብራቱን ይሞክሩ። (ስክሪኑ ላይ ነጭ ነጥብ ብቻ ከነበረ ኤልኢዲዋ አልተቃጠለችም፤ ሌንሷ ወድቃ ነው፣ መልሰው ያጣብቋት።)

ቶሎ የሚሞተው ክፍል ይህ ሆኖ ሳለ ሕጉም አላየውም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከማርች 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቲቪ አምራቾች ፓወር ሰፕላይን፣ ካፓሲተርንና ማገናኛዎችን የመሰሉ መለዋወጫዎችን የሞዴሉ የመጨረሻ ቲቪ ለገበያ ከቀረበ በኋላ ለ7 ዓመት፣ የደህንነት ሶፍትዌርን ለ8 ዓመት እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። የኤልኢዲ መስመር ግን በዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ገጣጥመው ሲጨርሱ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ባክላይት» (የጀርባ መብራት) የሚለውን ከከፍተኛው ወደ 50 ወይም 60 በመቶ ያውርዱት። ብዙ ቲቪ ከፋብሪካ ሲወጣ ከፍተኛው ላይ ነው የሚስተካከለው፤ ኤልኢዲዎቹን የሚጨርሳቸውም ከዚያ የሚመጣው ሙቀት ነው። የቲቪው አፕሊኬሽኖች አርጅተው መሥራት ካቆሙ ደግሞ በኤችዲኤምአይ የሚሰካ የአንድሮይድ ቦክስ ይበቃል፤ ስክሪኑ ምንም አልሆነም።