ምሳ የሚሆን ሰላጣ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ሱሉልታ ላይ ምሳ እያበሰልኩ እሸጣለሁ። በሁዳዴ 55 ቀን ሰላጣ ከሽሮ እኩል ይጠየቃል። ሊያግዙኝ የሚመጡት ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁም። ግን ሁሉም አንድ ቦታ ላይ ይሳሳታሉ፦ ውሃው ላይ።

ሰላጣውን ያጥቡታል፣ ሁለቴ ያራግፉታል፣ ከነእርጥበቱ ጎድጓዳው ሳህን ውስጥ ይከቱታል። እባካችሁ አድርቁት! ዘይት እርጥብ ቅጠል ላይ አይቆምም። ድሬሲንጉ፣ ማለትም የሎሚና የዘይቱ ማጣፈጫ፣ ተንሸራቶ ታች ይወርዳል፤ ላዩ አልጫ፣ ታቹ ጨው ይሆናል። ላዩን የቀመሰ ሰው ጨው ይጨምራል። ጨው ደግሞ ከቲማቲሙም ከቅጠሉም ውሃ ያወጣል። ከዚያ በኋላ የሚበላው ሰላጣ ሳይሆን ቀዝቃዛ መረቅ ነው። ማጥለያ ላይ ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ ንጹህ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ጠቅልሉት። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።

እኔም ይህን የተማርኩት አበላሽቼ ነው። አንድ ረቡዕ ለጎረቤቴ ማኅበር የ30 ሰው ሰላጣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከነሎሚውና ከነዘይቱ አሽቼ ጨረስኩ። እንግዶቹ የተቀመጡት 7 ሰዓት ላይ ነው። ክዳኑን ስከፍት ቅጠሉ ጠውልጓል፣ ታቹ ቀይ ውሃ አቁሯል። አንዲት እናት ምንም ሳይናገሩ ሽሮውን ብቻ በሉ። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን ድሬሲንጉን በጠርሙስ ለብቻው አስቀምጣለሁ፤ የማገናኘው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ማድረቅ አለ ብላችሁ ማጠቡ ላይ አትቸኩሉ። በአዲስ አበባ ወንዞች ዳር የሚበቅል ቅጠል ብዙ ነው፤ የአቃቂ ውሃ ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። ቅጠሉን አንድ በአንድ ነጥላችሁ በሚወርድ ውሃ እሹት። አቼቶ ውስጥ መዘፍዘፍ ብቻውን ይህን አይተካም።

ሰላጣው ውስጥ የሚገባውን ሽምብራ ሳይዘፈዝፉ የሚጥዱ አሉ። እዚህ ደጋ ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆንን ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። ያልተዘፈዘፈ ሽምብራ ከሰሉን ይጨርስና ራሱ ሳይበስል ይቀራል። ማታ ዘፍዝፉ፣ ጠዋት ውሃውን ቀይራችሁ ቀቅሉ። ሽምብራውን፣ ድፍን ምስሩንና ድንቹን አትሰስቱ። ቅጠል ብቻ የበላ የቀን ሠራተኛ 9 ሰዓት ላይ ይርበዋል።

ድንቹን ሳይቀዘቅዝ ጥቂት ድሬሲንግ አጠጡት፤ ሲቀዘቅዝ አይመጠውም። ቀይ ስር ከነልጣጩ ይቀቀል፣ መጨረሻ ላይ ይግባ። አቮካዶም መጨረሻ ላይ ይግባ።

ድሬሲንጉ ላይ ስህተቱ የቅደም ተከተል ነው። ዘይት ቀድመው ጨው ይበትኑበታል። ጨው ዘይት ውስጥ አይሟሟም። መጀመሪያ ጨውን በሎሚው አሟሙ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ድቁስ ሰናፍጭ ጨምሩ፣ ከዚያ ዘይቱን በቀጭኑ እያፈሰሳችሁ ምቱት። ለአንድ እጅ ሎሚ ሦስት እጅ ዘይት ነው። ሰናፍጩ ሁለቱ ቶሎ እንዳይለያዩ ይይዛቸዋል። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ኃይለኛ ስለሆነ ሎሚውን ይውጠዋል፤ እኔ የሱፍ ነው የማደርገው። ነጭ ሽንኩርት ከጨመራችሁበት ግን ውጭ አታሳድሩት፤ የቀኑን በቀኑ ሥሩ።