የስፓርታክ ሞስኮን ታሪክ እንዴት ማጥናት ይቻላል

በቅድሚያ የዚህን የሩሲያ እግር ኳስ ክለብ የቀድሞ ስሞች ይለዩ። እ.ኤ.አ. በ1922 የተመሠረተው ቡድን ስፓርታክ የተባለው በ1935 በመሆኑ፣ በዛሬው ስሙ ብቻ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሦስት ዓመታት ያጣቸዋል።

ቀጥሎ ረጅሙን ጊዜ ለስታሮስቲን ወንድማማቾች ይስጡ። ስፓርታክ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ቡድን፣ ተቀናቃኙ ዲናሞ ደግሞ የጸጥታ ተቋማት ቡድን እንደነበር ካስተዋሉ በኋላ፣ መሥራቹ ኒኮላይ ስታሮስቲንና ሦስት ወንድሞቹ በ1942 ታስረው ጉላግ ወደሚባሉት የሶቪየት የግዳጅ ሥራ ካምፖች መላካቸውን ሲያነቡ፣ የሁለቱ ክለቦች ፉክክር ከሜዳ ውጭ ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይረዳሉ። በእኔ እምነት የክለቡ ታሪክ ልብ ይህ ነው።

የሊግ ዋንጫዎቹን ሲቆጥሩ የሶቪየት ዘመኖቹን 12 እና የሩሲያ ሊግ 10 ድሎች ለየብቻ ይመዝግቡ፤ ከ1992 እስከ 2001 ከተካሄዱት 10 ውድድሮች 9ኙን ያሸነፈው ስፓርታክ ነው።

ጥቅምት 20 ቀን 1982 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ሲደርሱ ግን ረጋ ይበሉ። በሉዥኒኪ ስታዲየም ከሆላንዱ ሃርለም ጋር በተደረገው የዩኤፋ ካፕ ጨዋታ መጨረሻ ላይ በተፈጠረው የተመልካቾች መገፋፋትና መረጋገጥ በይፋዊ ቁጥር 66 ሰዎች ሞተዋል፤ የአደጋው ስፋት ለሶቪየት ሕዝብ በግልጽ የተነገረው በ1989 ስለሆነ፣ የዚያን ዘመን ጋዜጦች ከኋለኞቹ ጽሑፎች ጋር ሳያመሳክሩ አይቀበሉ።