ስለ ዌልስ ወርቅ የመዝገበ ዕውቀት ጽሑፍ ሲዘጋጅ ምን ይግባ፣ ምን ይቅር?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከጥቂት መምህራንና ተማሪዎች ጋር ሆነን ለአማርኛ አንባቢ የሚሆኑ የመዝገበ ዕውቀት ጽሑፎችን ስናዘጋጅ፣ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን የዌልስ ወርቅ ነበር። ርእሱ ሲያዩት ጠባብ ይመስላል፤ ነገር ግን የሮማውያን ቁፋሮ፣ የነገሥታት የጋብቻ ቀለበት፣ የጌጣጌጥ ነጋዴ ማስታወቂያና ከጥንት መቃብር የወጣ የወርቅ ካባ ሁሉ በዚህ አንድ ስም ሥር ይሰበሰባሉ። ሁሉን ያስገባ ጽሑፍ ደግሞ ለአንባቢ የሚያስተላልፈው ዕውቀት ጥቂት ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው በዚያ ክርክር የደረስንበት አሠራር ነው።

በመጀመሪያ ርእሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይወስኑ። እኛ «የዌልስ ወርቅ ማለት ከዌልስ መሬት የወጣ ወርቅ ነው» ብለን ወስነናል። ኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ የሚዳኘው ይህ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ፣ በወረቀት ጽፈው ከፊትዎ ያኑሩት። ቀጥሎም አገሩን ያስተዋውቁ። በእኛ አነጋገር የብሪታንያ ደሴት በሙሉ «እንግሊዝ» ተብሎ ስለሚጠራ፣ ዌልስ ከእንግሊዝ በስተ ምዕራብ የምትገኝ፣ የራሷ ቋንቋ ያላት የዩናይትድ ኪንግደም አካል መሆኗ በመግቢያው ካልተነገረ፣ አንባቢው ስለ እንግሊዝ ወርቅ እያነበበ ይመስለዋል። ወርቁ የወጣባቸው ዋና ዋና ቦታዎችም ሁለት መሆናቸው እዚያው ይገለጽ፤ አንደኛው በሰሜን በዶልጌላይ ከተማ ዙሪያ ያለው አካባቢ ነው፣ ሁለተኛው በደቡብ በካርማርዘንሺር የሚገኘው ዶላይኮቲ ነው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን አባባል ይፈትኑ። በመጀመሪያው ረቂቃችን «የዌልስ ወርቅ በተፈጥሮው ቀላ ያለ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ገብቶ ነበር። ይህን ይዤ ገበያው አጠገብ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት ወርቅ ሠሪ ሄድኩ። እሳቸውም አንድ ቀለበት አንሥተው በጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፈተጉት፤ ቀጭን የወርቅ መስመር በድንጋዩ ላይ ቀረ። አጠገቡ ካራቱ ከሚታወቅ ወርቅ ሌላ መስመር አሰመሩና በሁለቱም ላይ አሲድ ጠብ አደረጉ። አንደኛው መስመር ወዲያው ደበዘዘ፣ ሌላው እንደነበረ ጸና። «ጋሼ፣ ወርቁ ከየት አገር እንደመጣስ በዚህ ይታወቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የለም ልጄ፣ ድንጋዩ የሚነግረኝ ስንት ካራት እንደሆነ ነው፤ አገሩን አይነግረኝም። ቅላቱም ከመዳቡ ነው፤ መዳብ ከጨመርህበት የየትኛውም አገር ወርቅ ይቀላል» አሉኝ።

ዓረፍተ ነገሩን ሰረዝነው፤ በቦታው ግን ባዶ አልተውንም። ብዙ ገዢ የዌልስን ወርቅ በቅላቱ የሚለይ ስለሚመስለው፣ ቅላቱ ከተቀላቀለው መዳብ የሚመጣ መሆኑን በግልጽ ጻፍን። የተስፋፋ ስሕተት ሲያጋጥምዎ ዝም ብለው አይለፉት፤ ማረሚያው ራሱ ለጽሑፉ የሚገባ ዕውቀት ነው። አንድ ቀለበት የዌልስ ወርቅ መሆኑ የሚታወቀውም ወርቁ ከማዕድኑ እስከ ሠሪው እጅ ያለፈበትን መንገድ በሚያስረዳ ማስረጃ ነው፤ መልኩ ምስክር አይሆንም።

በእኔ አስተያየት ሰፊው ቦታ ለዶላይኮቲ ሊሰጥ ይገባል። ሮማውያን በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዌልስን ከያዙ በኋላ በዚያ ወርቅ ያወጡት በመቆፈር ብቻ አልነበረም፤ ዋናው መሣሪያቸው ውኃ ነበር። ከኮቲ ወንዝ ወደ 11 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቦይ በተራራው ወገብ ላይ ስበው፣ ውኃውን ከቁፋሮው በላይ ባሠሯቸው ገንዳዎች ያጠራቅሙት ነበር። ገንዳው ሲሞላ በአንድ ጊዜ ይለቁታል፤ ጎርፉም አፈሩን ጠርጎ ሲወስደው ወርቅ ያዘለው አለት ይገለጣል። በተዳፋት ላይ የመስኖ ቦይ ስቦ የሚያውቅ የጎጃም ገበሬ፣ ውኃው እንዳይቆምም እንዳይሸረሽርም ዘቅዛቃነቱን መጠበቅ ምን ያህል ልፋት እንደሆነ ያውቀዋልና፣ ይህ ክፍል በእኛ አገር አንባቢ ዘንድ ጥሩ መረዳት ያገኛል። ስለዚህ አሠራሩን በሁለት ቃል አይለፉት፤ ውኃው ከየት እንደመጣ፣ የት እንደታቈረ፣ ሲለቀቅ ምን እንዳደረገ በቅደም ተከተል ያስረዱ። ማዕድኑ በ1938 እ.ኤ.አ. መዘጋቱና ቦታው በ1941 እ.ኤ.አ. ናሽናል ትረስት ለተባለው የቅርስ ጠባቂ ድርጅት መተላለፉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

በዚሁ ክፍል አንድ ወጥመድ አለ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በውኃ ኃይል ወርቅ ስለማውጣት በዝርዝር ጽፏል፤ ከእኛ አንዱም ቃሉን እንዳለ ወደ ዶላይኮቲ ክፍል አምጥቶት ነበር። ይሁን እንጂ ፕሊኒ የጻፈው በስፔን ስላለው ሥራ ነው። ስለዚህ ሊጠቀስ የሚችለው «ተመሳሳይ አሠራር በስፔን እንደነበረ ፕሊኒ ገልጿል» ተብሎ ብቻ ነው፤ የዌልስ ምስክር ተደርጎ ከቀረበ ግን ጽሑፉ አንባቢውን አሳስቷል።

የሰሜኑ ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ክሎጋይ በተባለው የመዳብ ማዕድን ውስጥ ወርቅ ተገኘ፣ በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ፈላጊ ወደ አካባቢው ጎረፈ፣ ግዊንቨኒዝ የሚባለው ማዕድንም ስሙ ገነነ። የክሎጋይ ሥራ በ1998 እ.ኤ.አ. ቆመ።

የወርቁ ካባ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በ1833 እ.ኤ.አ. ሞልድ በተባለችው የዌልስ ከተማ አጠገብ ከአንድ ጉብታ ሥር ከነሐስ ዘመን የቆየ፣ ከአንድ ወጥ ወርቅ ተቀጥቅጦ የተሠራ እጅግ የሚያስደንቅ የትከሻ ካባ ተገኘ፤ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። ውበቱ ጸሐፊን ይፈትናል፤ ሁለት አንቀጽ ሊሰጡት ይመኛሉ። ነገር ግን በዌልስ መገኘቱ ወርቁ ከዌልስ መሬት ለመውጣቱ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በመጀመሪያ የወሰንነው ዓረፍተ ነገርም የሚጠይቀው የወርቁን ምንጭ ነው። እኛ ይህንኑ ልዩነት ከሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገር ጋር ጠቅሰነው፣ ዝርዝሩን ለራሱ ጽሑፍ ተውንለት።

የንጉሣውያኑ ቀለበት የወርቁ ዝና ዋና ምክንያት ስለሆነ ይግባ፤ ሠርጉ ግን አይግባ። ኋላ የንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ንግሥት የሆነችው ኤልሳቤጥ ቦውዝ ላየን በ1923 እ.ኤ.አ.፣ ልጇ ልዕልት ኤልሳቤጥ (ኋላ ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት) በ1947 እ.ኤ.አ. ያሠሩት ቀለበት ከክሎጋይ ወርቅ መሆኑ፣ ልማዱም እስከ ልዑል ዊልያም ሚስት እስከ ካትሪን የ2011 እ.ኤ.አ. ጋብቻ መዝለቁ ከበቂ በላይ ነው። የልብሱና የእንግዶቹ ዝርዝር ስለ ወርቁ አንዳች አያስረዳም። እዚህ ላይ የዘመን አቈጣጠር ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ተማሪያችን ከሁሉም ዓመት ላይ ስምንት ቀንሶ የልዕልት ኤልሳቤጥን ጋብቻ 1939 ዓ.ም. ብሎ ጽፎ ነበር። ጋብቻው የተፈጸመው በኖቬምበር 20 ስለሆነ አዲሱ ዓመታችን ገብቷል፤ ስለዚህ የሚቀነሰው ሰባት ነው፤ ቀኑም ኅዳር 10 ቀን 1940 ዓ.ም. ይሆናል። የእናቷ ጋብቻ ግን በኤፕሪል ስለነበር ስምንት ተቀንሶ ሚያዝያ 18 ቀን 1915 ዓ.ም. ነው። ወሩን የማያውቁት ዓመት ካጋጠመዎ እ.ኤ.አ. ብለው እንዳለ ይተዉት።

በዛሬ ጊዜ በዌልስ ወርቅ ስም ስለሚነግዱ ድርጅቶች፣ በጌጡ ውስጥ የሚገባው የዌልስ ወርቅ ጥቂት ብቻ ሊሆን እንደሚችል መግለጽ ይገባል፤ የምርት ዓይነትና ዋጋ ግን የማስታወቂያ ሥራ ነው። በብሪታንያ መሬት ውስጥ ያለ ወርቅ የዘውዱ ንብረት መሆኑና ለመቆፈር ፈቃድ ማስፈለጉም አጭር ቦታ ይሰጠው። የቦታ ስሞችን በተመለከተ የዌልስ ፊደል እንደ እንግሊዝኛ አይነበብምና፣ አነባበቡን አጣርተው አንድ አጻጻፍ ይምረጡ፤ እስከ መጨረሻውም አይለውጡት።

በመጨረሻ የቀረን የመተከል አንቀጽ ነበር። አካባቢው በቀድሞው አከላለል የጎጃም አካል ስለነበርና እስከ ዛሬ ወርቅ በእጅ እየታጠበ ስለሚወጣበት፣ አንዲት መምህርት ከዶላይኮቲ ጋር እያነጻጸረች ጥሩ አድርጋ ጽፋው ነበር። ሁላችንም ወደድነው፤ ነገር ግን መሬቱ የዌልስ ስላልሆነ ከዚህ ጽሑፍ አወጣነው። አሁን አንቀጹ በእሷ ደብተር ውስጥ «የመተከል ወርቅ» ለሚለው ለብቻው ለሚቆመው ጽሑፍ መነሻ ሆኗል፤ እሷም ወርቅ አጣቢዎቹ የገበቴውን ክፍሎች የሚጠሩባቸውን ስሞች መሰብሰብ ጀምራለች።