አስጎብኚው ሲጨርስ እናንተ ጀምሩ
ዩኒቨርሲቲ ለመምረጥ ካምፓስ ልታዩ ከሄዳችሁ፣ አስጎብኚው “ጨርሰናል” ሲላችሁ ወደ ቤት አትመለሱ። ዋናው ነገር ገና አልታየም። ምሳችሁን ተማሪዎቹ በሚበሉበት ካፌ ብሉ። ወረፋ ላይ የቆመውን ተማሪ “እዚህ ግቢ ምን አማረረህ?” በሉት፤ የልቡን ይነግራችኋል። የማስታወቂያ ሰሌዳውንም ቆም ብላችሁ አንብቡ። የሚከራይ ክፍል፣ ያገለገለ መጽሐፍ፣ የክበብ ስብሰባ... የግቢው ኑሮ እዚያ ተለጥፏል። ቤተ መጻሕፍቱን ግን አመሻሽ ላይ እዩት። መቀመጫ ይገኛል? ሶኬቱ ይሠራል? ከዚያ ከበሩ ውጡና በእግራችሁ ወደ ከተማው ሂዱ። ፋርማሲው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ሲመሽስ መንገዱ መብራት አለው? እኔ ይሄኛውን ጥያቄ ከሁሉም አስበልጣለሁ፤ ለዓመታት የምትመላለሱበት መንገድ ነው።