ስፒከር ከመግዛትዎ በፊት ግድግዳውን ያንኳኩ

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር አዲስ ቤት የሚሠሩ ዘመዶቼ ሳሎናቸውን የፊልም ማያ ለማድረግ ሲነሱ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፦ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበር ስፒከር ይሻላል ወይስ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ? እኔም ሁልጊዜ የምመልሰው በጥያቄ ነው። ግድግዳው የተሠራው ከምንድን ነው?

ትልቁ ስህተት ይህን ሳይጠይቁ መግዛት ነው። የሚቀበረው ስፒከር የታሰበው በእንጨት ወይም በቀጭን ብረት አጥንት ላይ ጂፕሰም ቦርድ ለተለበደበት ግድግዳ ነው። በቦርዶቹ መካከል ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ገደማ ባዶ ቦታ አለ፤ አብዛኛው የዚህ ዓይነት ስፒከር የራሱ ሳጥን ስለሌለው ያንን ባዶ ቦታ እንደ ሳጥን ይጠቀምበታል። ጠርዙ ላይ ያሉት መያዣዎችም ቀጭን ቦርድ ቆንጥጠው እንዲይዙ የተሠሩ ናቸው። የእኛ ግድግዳ ግን ብሎኬት ነው፤ አለዚያም በባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር የቆመ ጭቃ። መያዣው ብሎኬት ላይ የሚቆነጥጠው ነገር አያገኝም። የውስጥ ክፍፍሉ ባለ አሥር ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ከሆነ ደግሞ ጉድጓዱ ወደ ጎረቤት ክፍል ሊበሳ ምንም አይቀረውም። አንድ ቤት እንዲህ ተፈልፍሎ አይቻለሁ፤ ፊልሙ ሳሎን ሲከፈት መኝታ ቤት የተኙት ልጆች እኩል ይሰሙት ነበር። ጭቃ ቤት ላይ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ማገር ከተቆረጠ ግድግዳው አቅም ያጣል፣ ለምስጥም በር ይከፈትለታል። እባክዎ አያድርጉት።

ይህን ስል ግን የሚቀበረውን ማጣጣሌ አይደለም፤ እንዲያ ማሰብም ሌላ ስህተት ነው። ከግድግዳ ርቆ የቆመ ስፒከር ወፍራሙ ድምፁ (ቤዙ) ከኋላው ካለው ግድግዳ ነጥሮ ይመለስና ከፊተኛው ጋር ይጠፋፋል። ፊቱ ከግድግዳው አንድ ሜትር ከራቀ ጉድለቱ በ85 ኸርትዝ አካባቢ ይሰማል፤ ወፍራም የወንድ ድምፅና ከበሮ የሚመጣበት ቦታ ነው። የተቀበረው ይህ ችግር የለበትም፤ ልጅም አይጥለውም። በጣም የሚፈልጉት ከሆነ ቤቱ ገና ሳይለሰን ከብሎኬቱ ፊት የጂፕሰም ግድግዳ ያስቁሙ፣ የኋላ ሳጥን ያለውን ስፒከር ይምረጡ፣ ክፍተቱንም ድምፅ በሚውጥ ሱፍ ያስሞሉ። ክፍሉ አሥራ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠብባል። ጠባብ ሳሎን ላይ ይህ ቀላል ዋጋ አይደለም። ቤቱ የኪራይ ከሆነማ ጥያቄው እዚህ ላይ አብቅቷል፤ የመደርደሪያውን ይግዙ።

የመደርደሪያውን የገዙ ሰዎች ደግሞ ቡፌ ውስጥ ይከቱታል። በብርጭቆና በሲኒ መካከል፣ ላዩ ላይ ዳንቴል ለብሶ! ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ያን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት ድምፁ ታፍኖ ይቀራል። ቡፌው ራሱ እንደ ሣጥን ያስተጋባል፣ መስታወቱ ይንጫጫል፣ ዳንቴሉም ቀጭኑን ድምፅ ያዳክመዋል። ከመደርደሪያ ሌላ ቦታ ከሌለዎ ፊቱን ከጠርዙ ጋር እኩል ያድርጉት። ከጀርባው የአየር ቀዳዳ ካለው ቢያንስ አንድ ስንዝር ቦታ ይተዉለት። ከሁሉም የሚሻለው ግን አናጢ ከዋንዛ ጠንካራ ማቆሚያ እንዲሠራልዎ ማድረግ ነው፤ የላይኛው ትንሿ ድምፅ ማውጫ ሶፋ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ጋር ትስተካከል፣ ይህም ከወለሉ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ስፒከሮችና የእርስዎ መቀመጫ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ከሠሩ ግማሹ ሥራ ተጠናቋል።

ዋት ብቻ አይቶ መግዛትም አለ። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው ሦስት ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ ልዩነቱን በጥቂቱ ነው የሚያውቀው።

የጎጃም ክረምት የዋዛ አይደለም፤ ይህን መርሳት ደግሞ የሰው ንግግር ያሳጣል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ተዋናዩ ምን እንዳለ አይሰማም። ሰው ያን ጊዜ ድምፁን እስኪሰነጠቅ ይከፍታል። ገንዘቡን ከስፒከሩ ቀንሰው በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል ድምፅ የሚውጥ ሱፍ ቢያስነጥፉበት የበለጠ ይጠቅማል። በሁለቱ መካከል የሚቀመጥ መሐለኛ ስፒከር ካለዎ ደግሞ ንግግር የሚወጣው በዋናነት ከእሱ ስለሆነ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ወደ ጆሮ ቀና አድርገው ያስቀምጡት። ኮርኒስ ላይ ቀዳዳ አያብዙ፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳ የዝናቡ ጩኸት ይገባል።

በመጨረሻ ሽቦው። የትኛውንም ዓይነት ቢመርጡ ግድግዳው ሳይለሰን የፕላስቲክ ቱቦ ያስቀብሩ፤ ከ220 ቮልቱ መስመር ጋር በአንድ ቱቦ እንዳይገባ ኤሌክትሪሺያኑን አጥብቀው ይንገሩት። ለሳሎን ርቀት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃል። ልስኑ ከመመታቱ በፊትም ግድግዳው ላይ ሜትር ዘርግተው ፎቶግራፍ ያንሱ፤ ከዓመታት በኋላ መጋረጃ ለመስቀል ሚስማር ሲመታ ቱቦው የት እንዳለ የሚነግርዎ እሱ ነው።