ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፦ የበረራ ርቀትና ሰዓት እንዴት ይሰላል?

ትኬቱ ላይ ከደለስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ) መነሻ 11:00፣ ቦሌ መድረሻ በማግስቱ 08:00 የሚል ተጽፏል እንበል። ዝም ብሎ የቀነሰ ሰው 21 ሰዓት ያገኛል። አየር ላይ የሚያልፈው ግን 13 ሰዓት ገደማ ነው።

1. ርቀቱን ይለኩ። ጎግል ኧርዝ ላይ የመለኪያውን መሣሪያ ከፍተው ሁለቱን አውሮፕላን ማረፊያዎች ይንኩ፤ ወደ 11,550 ኪሎ ሜትር ይወጣል። የግድግዳ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት አያዋጣም። በተለመደው ጠፍጣፋ ካርታ ቀጥ ብሎ የሚታየው መስመር ከእውነተኛው አጭር መንገድ በ500 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። አጭሩ መንገድ ካርታው ላይ ጎብጦ ነው የሚታየው፦ ከቦሌ ተነስቶ ሱዳንንና ሊቢያን አቋርጦ በስፔን በኩል ወደ አትላንቲክ ይወጣል።

2. ለ900 ያካፍሉ፣ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። 900 ትልልቅ ጄቶች በሰዓት የሚጓዙት ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሽ ሰዓቱ መንደርደሪያው ላይ ለሚያልፈው ጊዜ፣ ለመውጣትና ለመውረድ። 13 ሰዓት ከ20 ይመጣል። ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ ከዚህ ሊያንስ ይችላል።

የመልሱን ጉዞ በዚሁ ሒሳብ አይገምቱ። ነፋሱ ከፊት ይመጣል። ቦሌ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ጭነት ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ በተለያየ ጊዜ ደብሊንና ሎሜ ለዚህ አገልግለዋል። ጠቅላላው ከ16 ሰዓት ሊያልፍ ይችላል።

3. የሰዓት ልዩነቱን ያስተካክሉ። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትኬት ላይ ያለው እያንዳንዱ ሰዓት የየከተማው ነው። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ ከማርች ሁለተኛ እሁድ እስከ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ደግሞ 7 ሰዓት ትቀድማለች። እኛ ሰዓት አንቀይርም፤ የሚቀይሩት እነሱ ናቸው። ከላይ ያለው ምሳሌ የክረምቱ ነው፦ 21 ሲቀነስ 8፣ 13።

ቀጥሎ ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሱት። 08:00 ከጠዋቱ 2:00፣ 22:15 ከምሽቱ 4:15፣ 00:30 ከሌሊቱ 6:30 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሰዓት ላይ በተለይ ይጠንቀቁ። «ሐሙስ 00:30» የሚል ትኬት ለእኛ ረቡዕ ማታ አምሽተን የምንሄድበት ነው፤ እስኪነጋ ድረስ ሌሊቱን የረቡዕ እንለዋለንና። ሐሙስ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የደረሰ መንገደኛ አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። ለእናት ለአባት ሲነግሩ «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ተኩል» ብሎ መናገር ይሻላል።

4. የመድረሻው ሰዓት አጠገብ «+1» ካለ በማግስቱ ይደርሳል ማለት ነው። ለሚቀበል ሰው ደግሞ ፓስፖርት ቁጥጥርና ሻንጣ ስላለ ቢያንስ አንድ ሰዓት ጨምረው ይንገሩት።